አሮጌው ዶንኪ ኮንግ ቤት ለመግባት ለምን 37 ዓመት ፈጀበት?

በ2025 ክረምት ላይ የጃፓኑ የቪዲዮ ጌም ድርጅት ኔንቴንዶ ዶንኪ ኮንግ ባናንዛ የተባለ አዲስ ጌም ስዊች 2 ለተባለው የጌም ማሽኑ አወጣ። አዲስ ሲመጣ አሮጌው መነሳቱ አይቀርም። የ1981ዱ ዶንኪ ኮንግ፣ በርሜል የሚያንከባልለው ጎሪላ፣ እንደገና መነጋገሪያ ሆነ። እሱን ፍለጋ የኔንቴንዶን የኢንተርኔት ሱቅ የከፈተ ሰው ግን ግራ ይጋባል። አንድ ስም፣ ሁለት ጌም ያገኛል። አንዱ ለኔንቴንዶ የኢንተርኔት አገልግሎት ከፋይ አባላት በሚቀርበው የድሮ ጌሞች ስብስብ ውስጥ ነው፤ አባል ለሆነ ሰው ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ሌላው ለብቻው ይሸጣል፤ በአሜሪካ ዋጋው 7 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው። "ያው አንድ ጌም አይደል እንዴ? ለምን ሁለቴ ልክፈል?" የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው። "ናፍቆታችንን እየሸጡልን ነው" የሚለው ወቀሳም እንዲሁ።

ወቀሳው ውስጥ እውነት አለ። ጥያቄው ግን መነሻው የተሳሳተ ነው፤ ሁለቱ አንድ ጌም አይደሉም። ሁለተኛው ለብቻው ተሸጦ ወደ ቤት ኮንሶል (ቤት ውስጥ የሚጫወቱበት የጌም ማሽን) ሳይመጣ ለ37 ዓመት የቆየበት ምክንያትም የቴክኖሎጂ ጉዳይ አይመስልም። ነገሩ የሚያያዘው ከባለቤትነት ጋር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ዶንኪ ኮንጎች

አርኬድ የሚባለው ሳንቲም እየተከተተበት የሚጫወቱት ትልቅ የቆመ ማሽን ነው። በጃፓንና በአሜሪካ በመጫወቻ አዳራሾች፣ በቡና ቤቶችና በፒዛ ቤቶች ይቀመጥ ነበር። ዶንኪ ኮንግ ተወልዶ ያደገው እዚያ ነው። አወላለዱም የኪሳራ ማካካሻ ነበር። ኔንቴንዶ ሬዳር ስኮፕ የተባለ የተኩስ ጌም ማሽን በብዛት ወደ አሜሪካ ልኮ ገበያ አጣ፤ 2,000 ገደማ ማሽን ሳይሸጥ ቀረ። እነዚህን ማሽኖች ወደ ሌላ ጌም የመቀየሩ ሥራ ሺገሩ ሚያሞቶ ለተባለ ወጣት ዲዛይነር ተሰጠ። በመጀመሪያ የታሰበው ፖፓይ በተባለው ካርቱን ገጸ ባሕርያት ለመሥራት ነበር፤ ፈቃዱ አልተገኘም። በፖፓይ ፈንታ አንድ አናጺ፣ አንድ ጎሪላና አንዲት የተጠለፈች ሴት ተፈጠሩ። አናጺው በኋላ ማሪዮ ተባለ።

ጌሙ ዛሬ ፕላትፎርም ጌም ለምንለው ዓይነት መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። ይህ ዓይነት ጌም ገጸ ባሕሪው ከወለል ወለል እየዘለለና መሰላል እየወጣ የሚሄድበት ነው። ከሱ በፊትም መሰላል የሚያስወጡ ጌሞች ነበሩ፤ የ1980ው ስፔስ ፓኒክ አንዱ ነው። መዝለል ግን አልነበረበትም። ዶንኪ ኮንግ አንዲት የመዝለያ ቁልፍ ጨመረ፣ ጨዋታውም ሌላ ሆነ።

የአርኬዱ ጌም አራት የተለያዩ ስክሪኖች አሉት። በከፍታ ተሰይመዋል፦ 25 ሜትር፣ 50 ሜትር፣ 75 ሜትር፣ 100 ሜትር። መጀመሪያው ዘመም ዘመም ያሉት የብረት ወለሎች ናቸው፤ በርሜል የሚንከባለልባቸው። ሁለተኛው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ያለው ፋብሪካ ነው። ሦስተኛው ሊፍት ነው። አራተኛው ላይ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነቅለን ኮንግን እንጥለዋለን።

በ1983 ኔንቴንዶ ፋሚኮም የተባለውን የቤት ኮንሶል ሲያወጣ ዶንኪ ኮንግ አብሮ ከቀረቡት የመጀመሪያ ጌሞች አንዱ ነበር። የፋሚኮሙ ግን ፖርት ነው። ፖርት ማለት ጌሙን ለሌላ ማሽን እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ፕሮግራሙና ሥዕሉ በድምሩ 24 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በስልክ የምንልካት አንዲት ፎቶ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። በዚህ ሂደት የ50 ሜትሩ ፋብሪካ ጠፋ። ኮንግ ሴትዮዋን ተሸክሞ ሲወጣ የሚያሳየው መግቢያም ቀረ።

በአባልነት ስብስቡ ውስጥ ያለው ይህ የፋሚኮሙ ነው። አማርኛ አንባቢም ዶንኪ ኮንግን በልጅነቱ ካወቀው፣ የሚያውቀው ይህን ሳይሆን አይቀርም። ፋሚኮምን አስመስለው የተሠሩ ርካሽ ማሽኖች ከነካሴታቸው በአፍሪካና በእስያ በሰፊው ተሸጠዋል፤ አንድ ካሴት ላይ መዓት ጌም ሲታጨቅ ዶንኪ ኮንግ ብዙ ጊዜ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ሰው "ጌሙን ጨርሼዋለሁ" ሲል እውነቱን ነው፤ የጨረሰው ግን ሦስት አራተኛውን ነው።

ለብቻው የሚሸጠው ሌላ ነው። ሃምስተር የተባለ የጃፓን ድርጅት አርኬድ አርካይቭስ በሚል ስም የድሮ የሳንቲም ማሽን ጌሞችን ለኮንሶል ያወጣል። ዶንኪ ኮንግን በጁን 2018 ለስዊች አወጣው። ይህ ፖርት አይደለም፤ የማሽኑን የራሱን ፕሮግራም በኢምዩሌተር ያስኬዳል። ኢምዩሌተር የአንድን ማሽን አሠራር በሌላ ማሽን ላይ የሚያስመስል ሶፍትዌር ነው። አራቱም ስክሪኖች አሉ። ሦስት ዓይነት ቅጂም አለው፤ ቀደም ያለው የጃፓን፣ የተስተካከለው የጃፓንና የውጭ አገሩ። ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። በጃፓኑ ስክሪኖቹ በተራ ይመጣሉ። በአሜሪካው ግን የመጀመሪያው ደረጃ ከ25 ሜትር በቀጥታ ወደ 100 ይዘላል፤ ፋብሪካው የሚታየው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ብዙ የአሜሪካ ልጅ ሳንቲሙን ጨርሶ ፋብሪካውን ሳያየው ወደ ቤቱ ሄዷል ማለት ነው።

ኮዱን የጻፈው ማነው?

ስለ ዶንኪ ኮንግ ክርክር ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠቅሰው የፊልሙን ጎሪላ የኪንግ ኮንግን ክስ ነው። ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ድርጅት በ1982 ኔንቴንዶን "ኪንግ ኮንግን ሰርቀሃል" ብሎ ከሰሰ። ተሸነፈ። ከመሸነፉ ምክንያቶች አንዱ ያስቃል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ክስ ራሱ ዩኒቨርሳል የኪንግ ኮንግ ታሪክ የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ሲወራም ይጥማል። ጌሙን ከቤት ያስቀረው ግን ይህ ክስ አይደለም።

ብዙም የማይወራው ሌላው ክርክር ነው። በ1981 ኔንቴንዶ ይህን የመሰለ ጌም በራሱ ፕሮግራም የሚያደርግ የሰው ኃይል አልነበረውም። ሐሳቡን፣ ገጸ ባሕርያቱንና አቀማመጡን ሚያሞቶ አወጣ፤ ኮዱን የጻፉት ግን የኢኬጋሚ ጹሺንኪ መሐንዲሶች ናቸው። ኢኬጋሚ በቴሌቪዥን ካሜራ የሚታወቅ ድርጅት ነው። የማሽኑን ሰርኪት ቦርድ ሠርቶ ለኔንቴንዶ የሚያቀርበውም እሱ ነበር።

መሐንዲሶቹ ፊርማቸውን ኮዱ ውስጥ ደብቀዋል። ከጨዋታው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው አጭር የእንግሊዝኛ መልእክት ነው፤ ተጫዋች በስክሪን ላይ አያየውም። የኢኬጋሚን ስምና የስልክ ቁጥር ይዟል። ይዘቱ ባጭሩ፣ ይህን ፕሮግራም መተንተን ከከበዳችሁ እናስተምራችኋለን ነው። ኮዱን ለመቅዳት የከፈተ ሰው የሚያገኘው ይህን ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ማስጠንቀቂያም ሳይሆን አይቀርም።

ጌሙ ከተጠበቀው በላይ ተሸጠ። ኢኬጋሚ እንደሚለው ኔንቴንዶ ተጨማሪ ቦርዶችን ያለ እሱ ፈቃድ አባዛ። ከዚያ ተከታዩ ጌም ዶንኪ ኮንግ ጁኒየር መጣ፤ ኢኬጋሚ ይህም የእኔን ኮድ መነሻ አድርጓል አለ። በ1983 ክስ መሠረተ። ኔንቴንዶ በበኩሉ የጌሙ ሐሳብም፣ ስምም፣ ገበያም የእኔ ነው ባይ ነው። ሁለቱም የሚሉት ነገር ነበራቸው። ችግሩ ዘመኑም ነው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ድርሰት የቅጂ መብት ይኖረዋል የሚለው ሐሳብ በጃፓን ሕግ ውስጥ በግልጽ የገባው በ1985 ነው። ውሉ ሲፈረም ማንም ስለዚህ ብዙ አላሰበም። ጉዳዩ እስከ 1990 ተጎትቶ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። የስምምነቱ ይዘት ለሕዝብ አልተገለጸም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማየት ነው። ኔንቴንዶ የፋሚኮሙን ፖርት በየኮንሶሉ ደጋግሞ ሸጠ፤ ኮዱ የራሱ ነውና። በ2010 የጠፋውን ፋብሪካ ሳይቀር መልሶ የጨመረበት ቅጂ አወጣ፤ የተሠራው ግን በፋሚኮሙ ላይ ነው። የአርኬዱ ጌም ራሱ በ1999 ዶንኪ ኮንግ 64 ውስጥ እንደ ድብቅ ሽልማት ብቅ ብሎ ነበር፤ ለብቻው ግን ለቤት አልተሸጠም። ኔንቴንዶ ምክንያቱን በይፋ አላብራራም። የጌም ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ኢኬጋሚ ይጠቁማሉ። እኔም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አይታየኝም። አንድ ድርጅት በጣም የሚታወቅበትን ጌም ሙሉውን ትቶ የተቆረጠውን ለሠላሳ ምናምን ዓመት የሚሸጠው ወዶ ነው ማለት ይከብዳል።

የቆመ ስክሪን፣ የተኛ ቴሌቪዥን

እሺ፣ ኮዱ መጣ። ግን ጌም ኮድ ብቻ አይደለም።

የዶንኪ ኮንግ ማሽን ስክሪን የቆመ ነው። ቴሌቪዥኑ በጎኑ ተገልብጦ ነው ካቢኔው ውስጥ የገባው። ምስሉ ወደ ጎን 224፣ ወደ ላይ 256 ነጥብ አለው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ጌሙ ሙሉ በሙሉ ስለ መውጣት ነው። ከታች ያለችው ትንሽ ሰውና ከላይ ያለው ጎሪላ መካከል ያለው ርቀት ነው ውጥረቱን የሚፈጥረው። የፋሚኮሙ ፖርት ያንን ርቀት ለተኛ ስክሪን ብሎ ጨመቀው።

አርኬድ አርካይቭስ አይጨምቀውም። ስለዚህ በዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ ከስክሪኑ ስፋት 42 በመቶ ገደማ ብቻ ይይዛል፤ የቀረው ግራና ቀኝ ባዶ ነው። "ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቼ በመስኮት ልጫወት?" የሚል ሰው አይፈረድበትም። መፍትሔ ግን አለ። ከሴቲንጉ ምስሉን ወደ ጎን ማዞር ይቻላል። ስዊቹን ከመቆጣጠሪያዎቹ ነጥሎ፣ በቁሙ አስደግፎ፣ ምስሉን ማዞር ነው። ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ይሞላል። የጌሙ መጠን ግን ከእጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ምልክቱ እንደደረሰው ምስሉን ይስላል። የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ምስሉን መጀመሪያ ያሰናዳል፣ ያሳምራል፣ ከዚያ ያሳያል። ኢምዩሌተሩና ገመድ አልባው መቆጣጠሪያም የየራሳቸውን ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ። ቁልፍ ተጭነን ውጤቱን እስክናይ ያለው ይህ ክፍተት የግብዓት መዘግየት ይባላል። ጌሙ በሰከንድ 60 ገደማ ምስል ያሳያል፤ አንዱ ምስል 16 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። ሦስት አራት ምስል መዘግየት በወሬ ደረጃ ምንም ነው። ዶንኪ ኮንግ ላይ ግን ሕይወት ነው።

ምክንያቱ ዝላዩ ነው። የዘመኑ ማሪዮ በአየር ላይ ይታጠፋል፣ ፍጥነቱን ይቀይራል። የ1981ዱ አይችልም። አንዴ ከተነሳ ቅስቱ ተወስኗል፤ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው እግሩ ከመሬት ሲለቅ ነው። ከፍ ካለ ቦታ ከወደቀም ይሞታል። መዶሻ ከያዘ መዝለልም መሰላል መውጣትም አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ያለው ከመነሳቱ በፊት ባለችው ቅጽበት ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑ ያንን ቅጽበት ሲበላ ተጫዋቹ "ጌሙ ያጭበረብራል" ይላል። ጌሙ አላጭበረበረም። የቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ማብራት ብዙውን ጊዜ ለውጡን ያሳያል፤ የምስል ማሳመሪያውን ስለሚያጠፋው።

ሳንቲም ሲቀር

የአርኬድ ጌም የተሠራው ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ዋጋው በአንድ ጨዋታ ስለሆነ ባለማሽኑ የሚያተርፈው ተጫዋቹ ሲሞት ነው። ጆተኒ ላይ የተሸነፈ ይከፍላል፤ አርኬድ ላይ ግን ማሽኑ አይሸነፍም፣ ከፋዩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ዶንኪ ኮንግ ላይ "ካቆምክበት ቀጥል" የሚባል ነገርም የለም። ሦስቱ ሕይወት ሲያልቅ እንደገና ከ25 ሜትር ነው።

ቤት ውስጥ ሳንቲሙ አንዲት ቁልፍ መጫን ሆኗል። ይህ የጨዋታውን ትርጉም ይቀይራል። የሚያጣው ነገር የሌለው ተጫዋች አይጠነቀቅም፤ ካልተጠነቀቀ ደግሞ ጌሙ ውስጥ ያለውን ብልሃት አያየውም። ለምሳሌ በርሜሎቹ ዝም ብለው አይንከባለሉም። መሰላል ጫፍ ሲደርሱ ይውረዱ ወይስ ይለፉ የሚወሰነው በከፊል ማሪዮ ባለበት ቦታ ነው፤ ከሱ በታች ያለ በርሜል በመሰላል አይወርድም። ጎበዝ ተጫዋቾች በርሜል የሚነዱት በዚህ ነው። ሃምስተር ይህን የገባው ይመስላል፤ አንድ ሙከራ ብቻ ተሰጥቶ ውጤቱ ለዓለም የሚመዘገብበትና በአምስት ደቂቃ ብዙ ነጥብ የሚሰበሰብበት አማራጮች ጨምሯል። በእኔ እምነት ከሁሉም የተሻለው አማራጭ የመጀመሪያው ነው። የሳንቲሙን ፍርሃት በከፊል ይመልሰዋል።

ስህተቱም ይቀመጥ?

ፖርት ጌሙን ሲጽፍ ያስተካክላል። ኢምዩሌተር ግን ስህተቱንም ያስኬዳል። የዶንኪ ኮንግ ታዋቂው ስህተት 22ኛው ደረጃ ላይ ነው። ጌሙ ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚሰጠውን ጊዜ ሲያሰላ የደረጃው ቁጥር ላይ 4 ይደምርና በ10 ያባዛል። ለመጀመሪያው ደረጃ 50 ይመጣል፤ ስክሪኑ ላይ 5,000 ሆኖ ይታያል። እየጨመረ ይሄድና 8,000 ላይ ይቆማል። 22ኛ ደረጃ ላይ ስሌቱ 260 ይሰጣል። የማሽኑ አንድ ባይት ግን ከ255 በላይ መያዝ አይችልም፤ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። 260 የነበረው 4 ይሆናል፣ ሰዓቱም 400። ማሪዮ ጥቂት ሰከንድ ተራምዶ ይሞታል። ጌሙ መጨረሻ የለውም ተብሎ የተሠራ ነበር፤ መጨረሻ የሆነለት ይህ የሂሳብ ስህተት ነው።

ታዲያ ኢምዩሌተር ይህን ሁሉ ከያዘ፣ ለምን እንገዛለን የሚል አለ። ማሜ የተባለው ነጻ ኢምዩሌተር ከ1997 ጀምሮ አለ። የሳንቲም ማሽን ጌሞችን በማቆየት ከማንኛውም ድርጅት በላይ ሠርቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኢምዩሌተሩ በራሱ ሕጋዊ ነው፤ ክርክር ያለው የጌሙ ፕሮግራም ቅጂ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። ፍጹም አስመሳይ ነው ማለትም አይደለም። በ2018 ትዊን ጋላክሲስ የተባለው የጌም ክብረ ወሰን መዝጋቢ የአንድ ዝነኛ ተጫዋች የዶንኪ ኮንግ ውጤቶችን ሰርዞ ነበር። መነሻው በቪዲዮዎቹ ላይ ስክሪኑ ሲቀየር ወለሎቹ የሚሳሉበት መንገድ ከዋናው ማሽን ጋር አይገጥምም የሚል ነው። ተጫዋቹ አልተቀበለውም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2024 በስምምነት ተዘጋ። ማን ትክክል ነበር የሚለው እዚህ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን ክርክሩ የተነሳው ዓይን በማይዘው የአፍታ ምስል መሆኑ ነው።

ገዛሁት ስንል

ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የተባለው ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። ተቋሙና ሌሎች ጠባቂዎች ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ጌሞች ለተመራማሪዎች በርቀት እንዲያሳዩ ይፈቀድ ብለው ጠይቀው ነበር። የኢንዱስትሪው ማኅበር ተቃወመ፤ ከተፈቀደ ሰው ለመዝናናት ይጠቀምበታል፣ የድሮ ጌሞች ገበያም ይጎዳል አለ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በኦክቶበር 2024 ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። የኢንዱስትሪው ስጋት መሠረት የለውም አይባልም፤ አርኬድ አርካይቭስ ራሱ እንዲህ ያለ ገበያ እንዳለ ያሳያል። ግን ገበያው የሚያነሳው የሚሸጠውን ነው። ዶንኪ ኮንግ የተመለሰው ዶንኪ ኮንግ ስለሆነ ነው። የባለቤትነት ጉዳዩ ተመሳሳይ ሆኖ ስሙን ማንም የማያስታውሰው ጌም ጠበቃ የሚቀጥርለት የለም።

የተመለሰውም ቢሆን በኢንተርኔት ሱቅ ላይ ነው ያለው። ከስዊች በፊት ከነበሩት የኔንቴንዶ ማሽኖች የዊ ሱቅ በጃንዋሪ 2019፣ የዊ ዩና የ3ዲኤስ ሱቅ በማርች 2023 ለሽያጭ ተዘግተዋል። እዚያ የነበሩ የድሮ ጌሞችን ዛሬ አዲስ ገዢ አያገኛቸውም። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት የዲጂታል ሱቆች ደንበኛው የሚገዛው ዕቃውን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን በግልጽ መንገር አለባቸው። ሕጉ አዲስ መብት አልሰጠም፤ የነበረውን እውነት እንዲነገር አደረገ እንጂ።

የ2018ቱን ዶንኪ ኮንግ የገዛ ሰው ለጊዜው ችግር የለበትም። ስዊች 2 አብዛኞቹን የስዊች ጌሞች ስለሚያጫውት ዳግመኛ መክፈል አያስፈልገውም። ሃምስተርም በጁን 2025 አርኬድ አርካይቭስ 2 የሚል አዲስ ተከታታይ ጀምሯል፤ የመጀመሪያው ሪጅ ሬሰር ነበር። በቀደመው ተከታታይ የወጡት ጌሞች በሚቀጥሉት ኮንሶሎች ላይ ይከተሉናል ወይ የሚለውን የሚወስኑት ግን ባለመብቶቹና ሱቁን የያዘው ድርጅት ናቸው። ዛሬ ለመጫወት የሚፈልግ ሰው ሱቁ ላይ ማየት ያለበት ግልጽ ነው። አርኬድ አርካይቭስ የሚል ስም ያለበት አራቱ ስክሪኖች አሉት፤ በአባልነት የሚገኘው ሦስት ነው። አባል የሆነ ሰው መጀመሪያ ሦስቱን ሞክሮ፣ ፋብሪካው ካማረው ስምንት ዶላር ገደማ ቢከፍል አይከስርም።